አክስል ላይ የተሰበረ ብሎን፦ በቤት ለማውጣት የትኛው ዘዴ ለየትኛው ስብራት?

መጀመሪያ መፍቻው ይለሰልሳል። ተፈታ ብላችሁ ደስ ሊላችሁ ሲል "ጧ" ይላል። የብሎኑ ራስ ከነመፍቻው እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ግንዱ ደግሞ አክስሉ ውስጥ። መኪናው በክሪክ ተነስቷል፣ ጎማው ወልቋል፣ ነገ ሥራ አለ። ምክር የሚበዛው ያኔ ነው። ጎረቤት "እሳት አሳየው" ይላል። የደወላችሁለት ጓደኛ "ዳዶ በይድበት" ይላል። መለዋወጫ ሱቅ ስትሄዱ አምስት ፍሬ የያዘ የኤክስትራክተር (የተበሳ ብሎን ውስጥ ገብቶ ወደ መፍቻ የሚጠመዝዝ ሾጣጣ ብረት) ፓኬት ያወጡላችኋል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ግን አንዱ ስብራት ላይ የሠራው ሌላው ላይ ነገር ያበላሻል።

ይህን የምጽፈው አዳማ ግቢዬ ውስጥ የራሴን መኪና ስለምሠራና በዚህ ጉዳይ ሦስት ቀን ስላጠፋሁ ነው። የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ልቀይር ስፈታ፣ ሐቡን (ጎማው የሚታሰርበትን መሐል ክፍል) ከአክስሉ ጋር ከሚያስሩት አራት ብሎኖች አንዱ ተሰበረ። በ14 መፍቻ የሚፈታ፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ የሆነ ተራ ብሎን። ብዙም ሳላስብ መጀመሪያ ያነሳሁት ኤክስትራክተር ነበር። እሱም ውስጡ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ቀላል ይሆን የነበረው ሁሉ ከባድ ሆነ።

ስለዚህ ዋናውን ነገር ከአሁኑ ልናገር። ዘዴ ስትመርጡ "ይሠራል ወይ?" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። "ባይሠራስ ቀጣዩን መንገድ ይዘጋብኛል ወይ?" ብላችሁም ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ፣ መውጣት አለበት ወይ?

ብዙ ሰው ማውጣት የማያስፈልገውን ብሎን ለማውጣት ሲታገል ይውላል። ሦስት ሁኔታዎችን አስቀድማችሁ አጣሩ።

የተሰበረው ጎማው በዳዶ የሚታሰርበት ብሎን ከሆነ፣ በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ላይ በጥርስ ተጠምዝዞ የገባ አይደለም። ከኋላ በግፊት የተሰካ ነው። እንዳይዞር የያዙት አንገቱ ላይ ያሉት ሽንትር መስመሮች ናቸው። ታምቡሩን ወይም ዲስኩን አውጥታችሁ ከፊት በመዶሻ ስትመቱት ወደ ኋላ ይወጣል። አዲሱን ከኋላ ሰክታችሁ፣ ሮንዴላ ደራርባችሁ፣ ዳዶ እያጠበቃችሁ ትስቡታላችሁ። መብሳትም መበየድም የለበትም። ኩሽኔታው የማይቀየር ከሆነ ግን በከባድ መዶሻ አትደብድቡት፣ ምቱ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። በመሳቢያ ወይም በፕሬስ ይውጣ። ጎማቸው በዳዶ ሳይሆን ራሱ ተጠምዝዞ በሚገባ ብሎን የሚታሰር መኪኖች አሉ፣ ብዙ የአውሮፓ ሥሪቶች እንዲህ ናቸው። እነሱ ላይ ከሆነ ወደ ታች ማንበብ ቀጥሉ።

የባሌስትራ ዩ ቦልት ከሆነ የተሰበረው ወይም የዛገው፣ በግራይንደር ቆርጣችሁ ጣሉት። አዲስ አስገቡ፣ ጥንዱንም አብራችሁ ቀይሩ። አንዴ ተስቦ የታሰረ ዩ ቦልት ተመልሶ እንደ መጀመሪያው አይጠብቅም።

ሦስተኛው ደግሞ ጥርሱ የት እንዳለ ማየት ነው። ብሎኑ የተጠመዘዘው እናንተ ልትጥሉት ባሰባችሁት ክፍል ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ አሮጌው ሐብ ላይ፣ ምን አደከማችሁ። ክፍሉ ከነጉማጁ ይሂድ። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን መሬት ላይ በጀርባ ተኝቶ አቧራ ዓይን ውስጥ እየገባ ሲሆን አይታሰብም። ስለዚህ መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ከመኪናው ሥር ውጡና አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ።

መመዘኛዎቹ

ሁሉንም ዘዴዎች የምመዝንባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ለምን ተሰበረ የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፣ መልሱ ግን ግማሹን ሥራ ይወስናል። ሲፈታ የተሰበረ ብሎን ማለት ጥርሱ በዝገት ተይዟል ማለት ነው። ሲጠብቅ ወይም መንገድ ላይ እየሄደ የተሰበረ ግን ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ነፃ ነው። የተሰበረው ከመጠን በላይ ስለተሳበ ወይም ስለደከመ ነው፣ እንዲህ ያለው አንዳንዴ በጥፍር ግፊት ይዞራል። የስብራቱን ፊት በባትሪ ብርሃን እዩት። ግማሹ ጠቁሮ ወይም ዝጎ ግማሹ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ቀድሞ ተሰንጥቆ የቆየ ነው።

ሁለተኛው ከጉድጓዱ ምን ያህል ወጥቷል የሚለው ነው። 5 ሚሊ እንኳ ከወጣ ዓለም ሌላ ነው። ከፊቱ እኩል ከሆነ ይከብዳል፣ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይብሳል። ጉድጓዱ ከኋላ ክፍት መሆኑንም እዩ። ክፍት ከሆነ ዘይት ከሁለት በኩል ይገባል፣ አንዳንዴም ጉማጁን ከኋላ በኩል ጠምዝዞ ማሳለፍ ይቻላል።

ሦስተኛው ዙሪያው ምን አለ ነው። የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የጎማ ቡሽ፣ የኤቢኤስ ሴንሰር ሽቦ፣ የነዳጅ ታንከር፣ የኩሽኔታ ግሪስ። እነዚህ ባሉበት እሳት ማለት ሌላ ወጪ ማለት ነው። ጉድጓዱ ያለበት ክፍል ብረት ነው ወይስ አሉሚኒየም የሚለውም እዚህ ይገባል።

አራተኛው እጃችሁ ላይ ያለው መሣሪያ፣ መብራቱና ገንዘቡ ነው። አምስተኛውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ፦ ባይሳካ ምን ያበላሻል?

የብር ቁጥር አልጽፍም። የመለዋወጫና የመሣሪያ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ ላስቀምጥ።

አንድ ነገር ግን ከምርጫ ውጭ ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ብሎን ስትታገሉ መኪናውን እየገፋችሁና እየሳባችሁ ነው። ቋሚ መደገፊያ ከግራና ከቀኝ አስገቡ፣ መሬት የነኩትን ጎማዎች በታኮ ያዙ። ግቢያችሁ እንደ ብዙዎቻችን ልቅ አፈር ከሆነ ከመደገፊያው ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። የዓይን መነጽር አድርጉ፣ የዝገት ፍርፋሪ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ከታች ያለው ደግሞ የእናንተ ፊት ነው።

ዘይት፣ መዶሻና ግሪፕ

ጉማጁ ከወጣ ከዚህ ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ ባይሳካም ምንም አያበላሽም። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን አራግፉ፣ አለዚያ ዘይቱ የሚጠጣው ዝገቱን ብቻ ነው። ከዚያ ዝገት ሰርስሮ የሚገባ ዘይት ርጩ። ብዙዎቻችን ደብሊው ዲ 40 ነው የምናውቀው። ሰማያዊና ቢጫው ጣሳ መጀመሪያ የተሠራው እርጥበት ለማስወገድ ነው፣ ለተጣበቀ ብሎን ተብሎ የተሠራ ዘይት ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ናፍጣም በድሮ መካኒኮች ዘንድ የታወቀ ነው፣ ጊዜ ከሰጣችሁት ይረዳል። የፍሬን ዘይት ግን አትጠቀሙ፣ ቀለም ይልጣል።

ዋናው ጊዜ ነው። ማታ ርጩ፣ ጠዋት ድገሙት። አዳማ ላይ ከሰዓት በኋላ በፀሐይና በነፋስ የተረጨ ስስ ዘይት ሳይገባ ይደርቃል፣ ስለዚህ ማታ ማድረግ በእርግጥ ይለያል። በየመሐሉ የጉማጁን ጫፍ በመዶሻ መካከለኛ ምት ቀጥታ ምቱት። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፣ ዘይቱ በስንጥቁ ይገባል። ከዚያ ግሪፑን (ነክሶ የሚቆለፈውን ፒንሳ) አጥብቃችሁ ቆልፉ። በአንድ ጉልበት ለመፍታት አትሞክሩ። ትንሽ ወደ ማጥበቂያ፣ ትንሽ ወደ መፍቻ፣ እንደገና ትንሽ ወደ ማጥበቂያ። ግማሽ ዙር ከሄደና ከከበደ መልሱት፣ ዘይት ጨምሩ፣ ድገሙ። ግሪፑ ጉማጁን ክብ አድርጎ መብላት ከጀመረ አቁሙ። ለብየዳ የሚሆን ብረት አስቀሩ።

ጉማጁ በቂ ርዝመት ካለው ሁለቱን ጎን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጎ በመፍቻ መያዝም ይሠራል፣ ከግሪፕ ይልቅ ያዝ ያደርጋል።

ስካርፔሎና ሹል መምቻ

ይህ ጥርሱ ነፃ ለሆነ ስብራት ነው። ከፊቱ እኩል ተሰብሯል፣ ግን የተሰበረው ሲጠብቅ ነው እንበል። ከመሐሉ ራቅ ብላችሁ ጠርዙ አካባቢ ሹሉን አስቀምጡና ወደ መፍቻ አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ ምቱት። መንቀሳቀስ ካለበት በአሥርና በአሥራ አምስት ምት ይታያል። ካልተንቀሳቀሰ ተዉት። ሲደበደብ ጠርዙ ተኮርኩዶ ከጉድጓዱ ጥርስ ጋር ይጋጫል፣ ያኔ የነበረውን መያዣ ራሳችሁ ታጠብቁታላችሁ።

እሳት

እሳት የሚሠራው ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ነው፣ ግን ቁጥሩን ማወቅ ጥሩ ነው። 10 ሚሊ ስፋት ያለው ብረት በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ የሚለጠጠው ከ0.04 ሚሊ በታች ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የዝገቱን ቅርፊት ለመሰንጠቅ ይበቃል። ስለዚህ ማሞቅ ያለባችሁ ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን ነው፣ ጉድጓዱ እንዲሰፋ። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል የሻማ ጫፍ ጉማጁ ላይ ብትነኩት ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መሐል ይሰረጋል። ብዙ ጊዜ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ከአንድ ጊዜ ፍም ማድረግ ይሻላል።

የቤት ቡታ ጋዝ ነበልባል ወፍራም የአክስል ብረት ለማሞቅ አቅም የለውም። ሙቀቱን ሁሉ ብረቱ ይበትነዋል። የሚያስፈልገው ጠባብና ኃይለኛ ነበልባል ነው፣ ያ ደግሞ ኦክስጅንና አሲትሊን ያለው በያጅ ጋ ነው። ነፋሱንም አስቡ። ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ ነበልባሉን ወደ ፍሬን ቱቦው ይወስድባችኋል። ግንብ ተጠግታችሁ ወይም በቆርቆሮ ከልላችሁ ሥሩ።

እሳት የማይገባበትን ልንገራችሁ። ባሌስትራና ሞላ አጠገብ አይደለም፣ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። የማይቀየር ኩሽኔታ አጠገብ አይደለም። አሁን ዘይት የረጫችሁበት ቦታ ላይ ሳትጠርጉ አይደለም። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የነካው ቦታ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይደለም። ክሎሪን ያለበት ዓይነት በእሳት ወይም በብየዳ ሲነካ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ዳዶ መበየድ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ጉማጁ ከፊቱ እኩል ቢሆን፣ በዝገት ቢያዝ፣ ጉድጓዱ ያለበት ክፍል ብረት እስከሆነ ድረስ። ምክንያቱም በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሠራል። መያዣ ራስ ይሰጣል፣ ደግሞም ሙቀቱን ቀጥታ ብሎኑ ውስጥ ያስገባል። ብሎኑ ቀልቶ ለመለጠጥ ሲሞክር ዙሪያው ቀዝቃዛ ብረት ይጨመቀዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸመቅቃል፣ የዝገቱ ቅርፊት ያን ጊዜ ይሰበራል። ባይሳካ ደግሞ ዳዶው ይገነጠላል እንጂ ጉድጓዱ አይበላም። ሌላ ዳዶ ይበየዳል። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው።

እኔ ጋ የመጡት ሰፈራችን ያሉ በያጅ ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ማሽናቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ። መጀመሪያ ብየዳ ይጀምራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እሳቸው ግን በሽቦ ብሩሽ አንድ አሥር ደቂቃ ያህል ጠረጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ አስፈቱኝ። የማሽኑን የመሬት ሽቦ ደግሞ በሻሲው ላይ ሳይሆን ጉማጁ ያለበት አክስል ላይ፣ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው ያዙት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ልጄ፣ መብራቱ በኩሽኔታው በኩል እንዳያልፍ ነው" አሉኝ። ትክክል ናቸው። ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ኳሶች ካለፈ ይለበልባቸዋል፣ ከወር በኋላ ኩሽኔታው ማጉረምረም ይጀምራል።

ከዚያ የ10 ዳዶ ጉማጁ ላይ አስቀመጡ፣ በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከመሐል ጀምረው ቀዳዳውን ሞሉት። የመጀመሪያው ዳዶ ሲነካ ተገነጠለ። ሁለተኛውም። የእኔ ኤክስትራክተር ቁራጭ መሐል ላይ ስላለ ብየዳው በደንብ አልያዘም። ለሦስተኛው ዳዶ ጊዜ ወሰዱ። ከጨረሱ በኋላ መፍቻ ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ። "ይቅላ፣ ይጥቆር፣ ከዚያ ነው የሚነካው" አሉ። ፍሙ ጠፋ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ግራጫ ሆነ። ዘይት ጠብ አደረጉበት፣ ጢሱ ወጣ። 17 መፍቻ አስገቡና ትንሽ ወደ ማጥበቂያ ገፉት። "እይይ" የሚል ድምፅ ወጣ፣ በጥርሱ ዙሪያ ቡና የመሰለ ዱቄት ፈነቀለ። ያን ድምፅ ከሰማችሁ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እየመለሱ እየፈቱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ጉማጁ ወደ ውስጥ ከገባ መጀመሪያ ሮንዴላ በይዶ፣ በላዩ ዳዶ መበየድ ይቻላል። ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ በላይ ከገባ ግን የለመደ እጅ ይፈልጋል፣ ኤሌክትሮዱ የጉድጓዱን ጥርስ ሊነካ ይችላል። አሉሚኒየም ውስጥ ያለ የብረት ብሎንም በዚህ ዘዴ ይወጣል፣ ብየዳው ከአሉሚኒየሙ ጋር አይያያዝም፣ ግን ቀጭን ከሆነ አሉሚኒየሙ ራሱ እንዳይቀልጥ ለባለሙያ ስጡት። የኤቢኤስ ሴንሰር ካለ ይነቀል።

የግራ ፑንታና ኤክስትራክተር

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የምታገኙት ይህን ነው፣ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው። አስቡት ግን። 10 ሚሊ ግንድ እስኪሰበር ጠምዝዛችሁት ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። አሁን መሐሉን በስታችሁ 5 ሚሊ ብረት አስገብታችሁ ልትጠመዝዙት ነው። ክብ ብረት ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ መጠምዘዝን የመቋቋም አቅሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ኤክስትራክተሩ ከብሎኑ የጠነከረ ብረት ነው፣ ግን ስምንት እጥፍ አይደለም። ጠንካራ ስለሆነ ደግሞ አይተጣጠፍም፣ ድንገት ይሰበራል። ሾጣጣ ስለሆነም ሲጠብቅ ጉማጁን ከውስጥ ይወጥረዋል፣ ማለትም ጥርሱን ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ ይበልጥ ይጫነዋል።

ከተሰበረ ደግሞ ተራ ፑንታ (የድሪል መብሻ) አይነካውም። እኔ ሁለተኛውን ቀን ያሳለፍኩት እሱን ለመብሳት ስሞክር ነው። ሦስት ፑንታ ጫፉ ተቃጥሎ ቀረ፣ ከሰዓት ደግሞ መብራት ሄደ። እንዲህ ያለውን የሚቆርጠው ካርባይድ ፑንታ ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚበላ ማሽን ነው።

ታዲያ ለምን እጽፈዋለሁ? ምክንያቱም ቦታ አለው። ጥርሱ ነፃ ለሆነ ስብራት ወይም በእሳትና በዘይት ከተላቀቀ በኋላ ኤክስትራክተር ንፁህ ሥራ ይሠራል። ከእሱ በፊት ግን በግራ የሚዞር ፑንታ ፈልጉ። ድሪሉን ወደ ግራ አዙራችሁ ስትበሱ ፑንታው ራሱ የመፍቻ አቅጣጫ ይገፋል፣ ሙቀትና ንዝረትም አለው። ብዙ ጊዜ ጉማጁ በመብሳት ላይ እያለ ተጠምዝዞ ይወጣል። በተራ ሱቅ ቶሎ አይገኝም፣ የማሽን መሣሪያ የሚሸጡ ጋ ጠይቁ።

ብትበሱ መሐሉን ማግኘት ነው ነገሩ ሁሉ። የስብራቱን ፊት በሞረድ ወይም በትንሽ ግራይንደር አስተካክሉ። በሹል መምቻ መሐሉን ምልክት አድርጉ፣ ተነስታችሁ ከሌላ አቅጣጫ ደግማችሁ እዩት። በ3 ሚሊ ጀምሩ። ፑንታው ሲወፍር ፍጥነቱን ቀንሱ። ዘይት ጠብ አድርጉ። ተላጭቶ የሚወጣው ብረት ቀጭን ጥቅልል ከሆነ ጥሩ ነው። ዱቄት ሆኖ ጢስ ከወጣ ፑንታው እየተፋተገ እንጂ እየቆረጠ አይደለም፣ ብሎኑንም እያጠነከራችሁት ነው። ራሱ ላይ 10.9 የሚል የጥንካሬ ምልክት የነበረው ብሎን ከሆነ ኮባልት ፑንታ ያስፈልጋል። 8.8 ከሆነ ጥሩ ተራ ፑንታ ይበቃዋል።

ሙሉ በሙሉ መብሳትና ጥርስ ማውጣት

ምንም ካልሠራ ብሎኑ ራሱ ይበላል። ፑንታውን እያወፈራችሁ እስከ ጥርሱ ግርጌ ትደርሱና ቀሪውን እንደ ቅርፊት ታነሱታላችሁ፣ ከዚያ በማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) ጥርሱን ታጸዳላችሁ። የፑንታው ልክ ወሳኝ ነው። 8 ሚሊ ብሎን በ1.25 ጥርስ (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ 1.25 ሚሊ) ከሆነ 6.8 ሚሊ ፑንታ። 10 ሚሊ በ1.25 ከሆነ 8.8፣ 10 በ1.5 ከሆነ 8.5። 12 በ1.25 ከሆነ 10.8። ጎን ያለውን ጤነኛ ብሎን አውጥታችሁ ጥርሱን ለኩ እንጂ በግምት አትግዙ። ቶዮታ ላይ 10 ሚሊው ብዙ ጊዜ 1.25 ነው፣ ሱቅ የሚሰጧችሁ ማስኪዮ ግን 1.5 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በዓይን አይያዝም፣ ሁለት ዙር ከገባ በኋላ ጥርሱን ይበላዋል።

ጥርሱ ከተበላ ሄሊኮይል የሚባል የሽቦ ጥርስ ይገባል፣ የራሱ ማስኪዮ አለው። በደንብ ከገባ ከመጀመሪያው ጥርስ አያንስም። ወደ ወፍራም ብሎን መሄድም አለ፣ ከ10 ወደ 12፣ ግን የሚታሰረው ክፍል ቀዳዳም አብሮ መስፋት ስላለበት ፍሬንና መሪ የሚይዝ ቦታ ላይ በቤት አታድርጉት። ይህ ዘዴ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። መሐሉን በ1 ሚሊ ከሳታችሁ ጉድጓዱ ይበላል።

ፈትቶ ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ

አዳማ መኖር አንድ ጥቅም አለው። የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሁሉ በዚህ ስለሚያልፍ ትልልቅ አክስል የለመዱ ቶርኖ ቤቶችና በያጆች አሉ። ለእነሱ የቤት መኪና ብሎን ትንሽ ሥራ ነው። ክፍሉን ፈትታችሁ በባጃጅ ብትወስዱላቸው ቋሚ ድሪል ላይ አስረው ቀጥ አድርገው ይበሳሉ፣ በእጅ ድሪል የማይገኝ ቀጥታ ነው። ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጊዜ የሚወስደው ክፍሉን መፍታቱ ነው። ሙሉ የኋላ አክስል ከሆነ ደግሞ በያጁን ወደ ቤት መጥራት ይረክሳል።

ስትወስዱ አንድ ነገር አድርጉ። ጤነኛውን ጓደኛ ብሎን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥርሱን በእሱ ይለኩ። ማንም ነክቶት ከሆነም እውነቱን ንገሩ። ውስጡ የተሰበረ ኤክስትራክተር እንዳለ ሳትነግሩ ብትሰጡ የሰው ፑንታ ትሰብራላችሁ።

በአንድ ላይ ሲታይ

| ዘዴ | የሚሆነው ለየትኛው ስብራት | ወጪ | ጊዜ | መብራት | ባይሳካ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዘይት፣ መዶሻ፣ ግሪፕ | ጉማጁ የወጣ | በጣም ርካሽ | ከአንድ ሌሊት በላይ | አያስፈልግም | ምንም አያበላሽም |
| ስካርፔሎ | እኩል የተሰበረ፣ ጥርሱ ነፃ | በጣም ርካሽ | ደቂቃዎች | አያስፈልግም | ጠርዙ ይኮረኮዳል |
| እሳት | በዝገት የተያዘ፣ ጎማና ግሪስ የራቀው | መካከለኛ | አንድ ሰዓት ገደማ | አያስፈልግም | ዙሪያውን ሊያቃጥል ይችላል |
| ዳዶ መበየድ | እኩል ወይም ትንሽ የገባ፣ በዝገት የተያዘ | መካከለኛ | ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት | ያስፈልጋል | ሌላ ዳዶ ይበየዳል |
| የግራ ፑንታ | እኩል የተሰበረ፣ መሐሉ የሚገኝ | መካከለኛ | አንድ ሰዓት | ያስፈልጋል | ቀዳዳው ለቀጣዩ ይጠቅማል |
| ኤክስትራክተር | ጥርሱ ነፃ ወይም የተላቀቀ | ርካሽ | ደቂቃዎች | ለመብሳት | ከተሰበረ መንገድ ይዘጋል |
| ሙሉ መብሳትና ማስኪዮ | ሌላው ሁሉ ያልሠራበት | ከመካከለኛ እስከ ውድ | ግማሽ ቀን | ያስፈልጋል | ጉድጓዱ ይበላል |
| ቶርኖ ቤት | ተፈቶ የሚወጣ ክፍል፣ ውስጡ ኤክስትራክተር የቀረ | ውድ | እንደ ሰልፉ | የእነሱ ጉዳይ | ኃላፊነቱ የጋራ |

ማን ምን ይምረጥ?

ገንዘብም መሣሪያም ከሌላችሁ፣ ጊዜ ግን ካላችሁ፣ ዘይትና ትዕግሥት። ሁለት ሌሊት ስጡት። ግሪፕ መግዛት ካልቻላችሁ ተዋሱ፣ ሰፈር ውስጥ የሌለው ጎሚስታ የለም።

ድሪል ካላችሁ ብየዳ ግን ከሌላችሁ፣ ገንዘባችሁን የኤክስትራክተር ፓኬት ላይ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጥሩ ፑንታ ላይ አውሉት፣ ቢቻል የግራ። ርካሽ ፑንታ ይጎብጣል፣ የጎበጠ ፑንታ መሐሉን ይስታል።

መኪናው የዕለት እንጀራችሁ ከሆነ፣ ሚኒባስም ሆነ ታክሲ፣ አትሞክሩ። የመጀመሪያው ዘይትና ግሪፕ በአንድ ሰዓት ካልሠራ በያጅ ጥሩ። የቆመበት ቀን ኪሳራ ከብየዳው ዋጋ ይበልጣል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት በያጁን ብጠራ ሁለት ቀን አተርፍ ነበር።

ወደ ወንጂ ወይም ወደ ወለንጪቲ ወጣ ብላችሁ የምትኖሩና መኪናውን መጎተት የምትፈሩ ከሆነ፣ ክፍሉ የሚፈታ መሆኑን እዩ። ከተፈታ ይዛችሁት ኑ። በሦስት ብሎን አስሬ ቀስ ብዬ ልንዳ የሚል ሐሳብ ግን ሐብ፣ ፍሬንና መሪ ላይ አይሠራም። የጎደለውን ሸክም ሦስቱ ይሸከማሉ፣ ቀጥሎ የሚሰበረው በመንገድ ላይ ነው።

ፍሬን ካሊፐር፣ የመሪ ክንድ ወይም ኳስ መጋጠሚያ የሚይዝ ብሎን ከሆነ ማውጣቱን በቤት ብትሞክሩም፣ ጥርሱ ትንሽ እንኳ ከተበላ ጥገናውን ለባለሙያ ስጡ።

ከወጣ በኋላ

ጉድጓዱን በማስኪዮ በእጅ ብቻ አጽዱ፣ በድሪል አይደለም። ፍርፋሪውን በአየር ንፉ፣ መነጽራችሁን ሳታወልቁ። አራቱንም ብሎኖች ቀይሩ፣ አንዱ ከተሰበረ ሦስቱም ያንኑ ዕድሜና ዝገት ነው የተሸከሙት። አዲሱ ራሱ ላይ ያለው ቁጥር ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፣ ርዝመቱም። በእጅ ጣት እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ከሁለት ዙር በኋላ ከከበደ መልሱት። ጥርሱ ላይ መዳብ ያለበት ፀረ ዝገት ቅባት ስስ አድርጋችሁ ከቀባችሁ ቀጣዩ ሰው ያመሰግናችኋል። ግን ቅባት ያለው ብሎን በተመሳሳይ ጉልበት ይበልጥ ይሳባል፣ ስለዚህ በመኪናው መመሪያ ላይ ካለው የማጥበቂያ ልክ ዝቅ አድርጋችሁ በቶርክ መፍቻ እሰሩ። ቶርክ መፍቻ ከሌላችሁ ከጎሚስታ ተዋሱ። በአየር ሽጉጥ ግን አታስመቱት። የጎማውን ዳዶዎች ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና አጥብቁ። ከአዳማ አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ከደረሳችሁ፣ እዚያው ወርዳችሁ ፈትሹት።